ለጮሌ ነጋዴ ሌክሰስ ወይስ ፕራዶ?

በጮሌ ስንዴና ገብስ እየነገደ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው የቤተሰብ አውቶሞቢል ለመግዛት ሲያስብ፣ ልቡ በሌክሰስና በፕራዶ መካከል ይዋልላል። ይሁን እንጂ ሌክሰስ ጂ ኤክስ 460 እና የዘመን አቻው ፕራዶ ሁለቱም የቶዮታ ኩባንያ ሥራዎች ሲሆኑ፣ መሠረታቸውም አንድ ዓይነት ሻንሲ ነው። ሌክሰሱ ባለ 8 ሲሊንደር የ4.6 ሊትር ሞተር ሲይዝ፣ ፕራዶ ግን በባለ 4 ሲሊንደር የ2.7 ሊትር ሞተርም ይገኛል፤ ልዩነቱ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር ይታያል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ገዢው የሚመርጠው በአብዛኛው ቀድሞ ከገቡት ነው። ያገለገለ መኪና ደግሞ መለዋወጫ መጠየቁ አይቀርም።

ምቾት ነውር አይደለም። ነገር ግን ለስም የተጨመረው ብር በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ከእህል መግዣው ላይ ይጎድላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ፕራዶውን ይግዛ፤ በተረፈው ብር መጋዘኑን በስንዴ ይሙላ።