ሞባይል ጠጋኙን ከመውቀሳችን በፊት

የደራ ወረዳ ገበሬ አንበሳሜ ገበያ ወጥቶ የባንክ አፑን ሲከፍት ስልኩ «ጎግል ፕሌይ ሰርቪስን ያዘምኑ» ቢለው ምን ያደርጋል? ቢነካካውም አይዘምንም። ያለው አማራጭ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ነው። ጠጋኙ ፋይሉን ከሜሞሪ ወይም በዜንደር ያሻግርና «ካልታወቀ ምንጭ» የሚለውን ፈቅዶ ይጭንለታል።

ይህን ልጅ «ቫይረስ ጫኝ» ማለት ይቀናናል። እኔ አልስማማም። ሌላው ያልሠራውን ሥራ ነው እየሠራ ያለው።

ነገሩ ቀላል ፋይል አይደለም። ፕሌይ ሰርቪስ ብዙ አፖች የሚደገፉበት ምሰሶ ነው፤ መግቢያው፣ መልእክት ማሳወቂያው፣ አድራሻ ጠቋሚው በእሱ በኩል ያልፋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ለአንድሮይድ 4.4 (ኪትካት) ማዘመኑን አቆመ። በዚያው ወር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። አዲስ ስልክ የያዘውም ቢሆን በሞባይል ኢንተርኔት ማዘመን አይችልም ነበር።

«አዲስ ይግዛ» የሚሉ አሉ። ጁላይ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስልክ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው፤ እዚህ የሚገጣጠመውም ቢሆን ዕቃው ከውጭ ነው።

አደጋ የለውም አላልኩም። አንድሮይድ ነባሩን አፕ ሲያዘምን የአዲሱን ፋይል ፊርማ ያመሳክራል፤ ፊርማው ካልተመሳሰለ አይቀበልም። ስለዚህ ጎግል ቀድሞ ያለበት ስልክ ላይ የተጭበረበረ ማዘመኛ መጫን ከባድ ነው። የሚያሳስበው ጭራሽ ጎግል የሌለው፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ስልክ ነው፤ እዚያ የሚያመሳክረው የለም። ፍላሽ የተደረገም እንዲሁ ጥርጣሬ ይገባዋል። በተረፈ ፋይሉ ከአንድሮይዱ ዓይነትና ከፕሮሰሰሩ (32 ወይስ 64 ቢት) ጋር መግጠም አለበት። ለኪትካት ከ23.30.99 ወዲህ የወጣ ስለሌለ፣ «ከዚያ የበለጠ አለኝ» የሚልህ ካጋጠመህ ስልክህን ተቀብለህ ውጣ። «ካልታወቀ ምንጭ» የሚለውንም ሥራው ሲያልቅ አስዘጋ፤ ብዙዎቻችን ክፍት ትተነው ነው የምንሄደው።

ይህን ሁሉ ግን አንድ ገበሬ ከየት ያውቀዋል? ጠጋኙስ ንጹሑን ፋይል ከየት ያገኛል? ከጓደኛ ሜሞሪ ነው። የጓደኛው ከማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። በዚያ ስልክ ላይ ግን የሰውየው የበሬ ሽያጭ ገንዘብ አለ።

ቴሌብር 2021 ላይ ሲጀመር በ*127# ያለ ኢንተርኔት፣ በቁልፍ ስልክም እንዲሠራ ሆኖ ነው የመጣው። ጥሩ ነበር። ታዲያ አፕ ብቻ አቅርበው «ቅርንጫፍ አትምጡ፣ በስልክ ጨርሱ» የሚሉን ተቋማት ይህን ለምን አይከተሉም? አፑ የግድ ከሆነ ደግሞ የራሳቸውን አፕ ትክክለኛ ፋይል፣ ለየትኛው አንድሮይድ እንደሚሆን ጽፈው፣ በየወረዳ ከተማው ቅርንጫፋቸው ያስቀምጡ። አንበሳሜ ላለው ጠጋኝም ይስጡት።