ቀራንዮ በስምና በልብ



በአዲስ አበባ ምዕራብ ብዙ ሰው በየዕለቱ አንድ ታላቅ ስም ይጠራል። የታክሲው ረዳት ተሳፋሪ ለመሰብሰብ ይጮኽበታል፤ ጸሓፊው በአድራሻ ላይ ያሰፍረዋል፤ ነጋዴው ዕቃው የሚደርስበትን ስፍራ ሲያመለክት ይናገረዋል። ስሙ ቀራንዮ ነው። ከከተማይቱ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ የኾነው ኮልፌ ቀራንዮ የዚህ ስም ተካፋይ ነው፤ በዚያም በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ተተከለ የሚነገርለት የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው፤ አይሁድ ጎልጎታ ይሉት የነበረው፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ እኛ የተሰቀለበት ቦታ ነው። የዚያ ሠፈር ሰው ማታ ከሥራው ሲመለስ ወዴት እንደሚኼድ ቢጠየቅ ወደ ቀራንዮ እኼዳለኹ ብሎ ይመልሳል፤ ቃሉ ግን ከአፉ ሲወጣ የልቡን ደጅ ሳያንኳኳ ያልፋል። ይህን የምንናገረው የሠፈሩን ነዋሪ ለመንቀፍ አይደለም፤ ኹላችንም በየቤታችን ከክርስቶስ ስም ጋር የምንኖረው ኑሮ እንዲሁ ነውና። ስንደነግጥ በስመ አብ እንላለን፤ ስንከራከር በመድኃኔ ዓለም እንምላለን። መቍጠሪያ ይዘን ክርስቶስ እንዲምረን 41 ጊዜ ስንለምን ጣታችን ቍጥሩን ይጠብቃል፤ ልባችን ግን ኮልፌ አጠና ተራ ወርዶ የቤት መሥሪያውን እንጨት ዋጋ ይቈጥራል።

በቅዳሴውም ይኸው ይደርስብናል። ካህኑ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ ያዘናል፤ እኛም ልባችን በአምላካችን ዘንድ መኾኑን በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ይህ መልስ በእግዚአብሔር ፊት የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ይህን ስንል ልባችን በእውነት በዚያ የሚገኝ?

ወደ ቀራንዮ መቅረብ ብቻውን እንደማይበቃ ወንጌል ራሱ ያስረዳናል። በዚያች ዕለት ለመስቀሉ ከቀረቡት ሰዎች መካከል ጭፍሮቹ ይገኙ ነበር፤ ሥራቸው ግን ከሥሩ ተቀምጠው በልብሱ ላይ ዕጣ መጣጣል ነበረ። ራሳቸውን እየነቀነቁ የሰደቡት መንገደኞችም ያን ስፍራ በእግራቸው ረግጠውታል። ኹለቱ ወንበዴዎች ደግሞ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ሥቃይ፥ በጌታ ቀኝና ግራ ተሰቅለው ሳሉ አንዱ ተሳደበ፥ አንዱ ዳነ። የቦታው ቅርበት ለኹሉም እኩል ነበረ፤ የለያቸው ልብ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ፈያታዊ ዘየማን ብላ የምታስበው ያ ሰው ምን አደረገ? እጁ ተቸንክሯልና ሊያማትብ፥ እግሩ ተቸንክሯልና ሊሰግድ አልቻለም። ነገር ግን በቀረችው አንደበቱ ሦስት ነገር ፈጸመ፤ በደሉን አመነ፥ የጌታን ንጽሕና መሰከረ፥ በመንግሥቱ እንዲያስበው ለመነ። ስለ ሌላ ሰው ሳይኾን ስለ ራሱ ተናገረ። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ እርሱን እንደ ወደደውና ስለ እርሱ ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ ገልጿል። ዓለምን ኹሉ ያዳነውን ፍቅር ለእኔ ነው ብሎ መቀበል ማለት ይህ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች፥ ልብ ከተገኘ ሥርዓት ምን ያደርጋል፥ ይላሉ። አንዳንድ አባቶችና እናቶች በበኩላቸው ሥርዓቱን ከፈጸምን ይበቃናል ብለው ይታመናሉ። ኹለቱም ከፍለው ይዘዋል። ወንበዴው የቀረው ዕድሜ የሰዓታት ነበረና ፍቅሩን በጥቂት ቃል ገለጠ፤ ለእኛ ግን ዓመታት ተሰጥተውናል፤ ፍቅር ደግሞ ለዓመታት እንዲጸና ጾምና ጸሎት፥ ስግደትና ምጽዋት ያስፈልጉታል። ምድጃ የሌለው እሳት ይበተናል፤ እሳት የሌለውም ምድጃ ቤት አያሞቅም።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? አስቀድሞ፥ የዘወትር ጸሎታችንን ከፈጸምን በኋላ መጽሐፉን ዘግተን የዕለቱን ኀዘንና ደስታ፥ ያስቀየምነውንም ሰው ሳይቀር፥ በገዛ ቃላችን ለጌታ እንንገረው። እርሱ አባታችን ብለን እንድንጸልይ ስላስተማረን፥ ከጎረቤታችን ጋር ተጣልተን ለብቻችን ወዳጁ ልንኾን አንችልም።

ኹለተኛም፥ ቤተ ክርስቲያን ከሠራችልን 7 የጸሎት ጊዜያት የቀትሩን እንያዝ። የሰዓት አቈጣጠራችን ለዚህ ይረዳናል፤ በሌላው አገር 12 የሚባለውን ቀትር እኛ እንደ ወንጌሉ 6 ሰዓት እንለዋለንና። ከ6 ሰዓት ዠምሮ እስከ 9 ሰዓት በምድር ላይ ጨለማ ኾኖ ነበር። በመሥሪያ ቤትም ኾነ በገበያ፥ በማድ ቤትም ኾነ በመንገድ፥ 6 ሰዓት መኾኑን ስናይ ይህ ስለ እኔ ነው ብለን ለጥቂት ጊዜ እናስብ። እናት ይህን ብታደርግ ልጇ አይቶ ይጠይቃታል፤ ያን ጊዜ የምትመልስለት መልስ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ በልቡ ይቀራል።

ሦስተኛውና የሚበልጠው፥ ሕፃናትና አረጋውያን ወደ ቅዱስ ቍርባን ሲቀርቡ ብዙዎቻችን ጎልማሶች ለዓመታት ወደ ኋላ ማለታችን ነው። ለወዳጅ ሰላምታ እየሰጡ ከማዕዱ ዘወትር መሸሽ ምን ዐይነት ወዳጅነት ነው? በድፍረት መቅረብ አይገባም፤ ነገር ግን ያለ መብቃታችን ምክንያት ኾኖን ዕድሜያችን ሊያልቅ አይገባም። ወደ ንስሐ አባታችን ኼደን፥ እንደ ወንበዴው በደላችንን አምነን፥ መንገዱን እንጀምር።

የስቅለቱ መታሰቢያ መጋቢት 27 ቀን በዐቢይ ጾም ስለሚውል፥ የመድኃኔ ዓለም በዓል ጥቅምት 27 ቀን በደስታ ይከበራል፤ በየወሩም በ27 ዝክሩ ይደረጋል፥ ጽዋውም ይጠጣል። በሚመጣው 27 ቀን ጽዋውን ስንቀበል፥ የተሰቀለው ስለ ማን እንደ ኾነ እያንዳንዳችን በልባችን እንመልስ። በቅዳሴ ጊዜ ልባችን በአንተ ዘንድ ነው ብለን የምንሰጠውን ቃል እግዚአብሔር እውነተኛ ያድርግልን፤ አሜን።