ውሳኔን ማዘግየትም ውሳኔ ነው፦ የጣና ነጭ ዓሣና የውሳኔ ትንተና

ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚሻገር መንገደኛ ከሰባራ ድልድይ ቁልቁል የሚመለከተው ዓባይ ከጣና የወጣ ውሃ ነው። ውሃው ከሐይቁ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ዓሣው ግን ከድልድዩ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም፤ በመካከላቸው 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይገኛል። በጣና ውስጥ ከ15 ያላነሱ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች፣ በአካባቢው አጠራር ነጭ ዓሣ፣ ሲኖሩ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ስፍራ የሉም። ለብቻቸው ተለይተው እንዲበዙ የረዳቸው መገለል፣ ከጠፉ ደግሞ የሚተካቸው እንዳይኖር ያደርጋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ ወዲህ የማስገር ሥራው መልኩን ለውጧል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምቱና በክረምቱ መውጫ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ተሰባስበው ለመራባት ወደ ጠጠራማ ገባሮች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ የተጣለ መረብ የሚይዘው ዕንቁላል የተሸከመውን ዓሣ ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ ናሙና በተወሰደባቸው ስፍራዎች የእነዚህ ዓሦች ክምችት በዐሥር ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አመልክቷል፤ በመራቢያ ወቅት የሚካሄደውንም ማስገር ዋነኛ ተጠያቂ አድርጎታል።

የሕግ መሠረት አልጠፋም፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የወንዝ አፎችን በመራቢያ ወቅት የመዝጋት ሐሳብ በተነሣ ቁጥር «ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ሐሰት አይደለም። የመስኖ ግድቦች፣ ከተራቆተው መሬት የሚታጠበው ደለል፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ የታወቀው እምቦጭ ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ስሕተቱ ሁለት ጥያቄዎችን ማደባለቁ ላይ ነው፤ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ምን እናድርግ?» የሚለው ሌላ።

የውሳኔ ትንተና የሁለተኛው ጥያቄ መሣሪያ ነው። ዓላማን፣ አማራጮችን፣ እርግጠኛ ያልሆንንባቸውን ነገሮችና የእያንዳንዱን አማራጭ ውጤት ለያይቶ ያስቀምጣል። አሠራሩን ለማሳየት ያህል ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እናስብ። ለጥቂት ሳምንታት የወንዝ አፎችን መዝጋት፣ ለአስጋሪዎች የሚከፈለውን ማካካሻና የጥበቃውን ወጪ ጨምሮ፣ አንድ ብር ያስወጣል እንበል። ጥፋቱ የማስገር ከሆነና ባንዘጋ የምናጣው ዐሥር ብር ይሁን። ባለመዝጋት የምንጠብቀው ኪሳራ፣ ማስገር ምክንያት የመሆኑ ዕድል በዐሥር ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ዕድሉ ከዐሥር እጅ አንድ ከበለጠ መዝጋቱ ይሻላል። ምክንያቱን በእርግጠኝነት ማወቅ አላስፈለገንም፤ ዕድሉ ከዚህ ወሰን በላይ ይሁን በታች ማወቅ ብቻ በቂ ነው።

ስሌቱ ሌላም ነገር ያስተምራል። ክልከላው የሚከበረው በሦስተኛው እጅ ብቻ ከሆነ፣ ወጪው ሳይቀንስ ጥቅሙ በሦስት ይከፈላል፤ ወሰኑም ከዐሥር እጅ ወደ ሦስት ከፍ ይላል። እንግዲህ አስጋሪውን ማሳመን ከምርምሩ ያላነሰ ዋጋ አለው ማለት ነው። በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው ድኻና የሞተር ጀልባ ባለቤቱ የክልከላውን ሸክም እኩል አይሸከሙም፤ ማካካሻው ይህን ካላየ ሕጉ በወረቀት ይቀራል። የገበያውም ቀን መቁጠሪያ ይታሰብ፦ የፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በዚሁ የመራቢያ ወቅት ውስጥ ይውላል።

«ቁጥሮቹ ግምት ናቸው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ባለመወሰን ውስጥም ግምት አለ፤ ልዩነቱ ያኛው አለመጻፉና አለመመርመሩ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። ያለ በቂ ምክንያት የዘጋነውን የወንዝ አፍ በሚቀጥለው ክረምት መክፈት እንችላለን። ያለቀን ዝርያ ግን ከዓባይ ቆላ አምጥተን አንመልሰውም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ክምችቱ ከተመናመነ በኋላ የሰሜኑን ኮድ ዓሣ ማስገር ስትከለክል ብዙዎች እገዳው አጭር ይሆናል ብለው ነበር፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ።

ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን የድኅረ ምረቃ ጥናት የሚጀምሩ ባልደረቦች ከመረብና ከሚዛን አስቀድመው አንድ ጥያቄ ቢያነሡ እላለሁ፦ የምሰበስበው መረጃ የትኛውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል? ውጤቱ ምንም ሆነ ምን ውሳኔው አንድ ከሆነ፣ ጥናቱ ለዕውቀት ይጠቅም ይሆናል፤ ለመዘግየት ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም። በወንዝ አፎች ላይ የሚደረገው ወቅታዊ ክልከላ፣ በየዓመቱ እየተመዘነ፣ ከመጪው ክረምት ሊጀመር ይገባል።