ዓይንም ገመና አለው

መብራቱ በስልክ የሚታዘዝ፣ በሩን ካሜራ የሚጠብቀው «ስማርት ሆም» ወዳጆች እንዲህ ይላሉ፦ ሰው ዕቃውን ሲያይ ዓይኑ የት የት እንዳረፈ ከተመዘገበ ጠባዩ ይታወቃል፤ ጠባዩ ከታወቀ ቤቱ በልኩ ይሰፋለታል። እኔ ይህን ልብስ አልለብስም።

ዓይን ጠባይን አያሳብቅም አልልም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተዘዋወሩ 42 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ መዝግቦ፣ ከአምስቱ ዋና ዋና የጠባይ መለኪያዎች አራቱን በዕድል ከመገመት በተሻለ ለይቷል። ከግምት መሻል ግን ሰውን ማወቅ ነውን? የሶቪየቱ ተመራማሪ ያርቡስ በ1960ዎቹ እንዳሳየው፣ ያው ተመልካች ያንኑ የሬፒንን ሥዕል ሲያይ፣ የቀረበለት ጥያቄ በተለወጠ ቁጥር የዓይኑም መንገድ ይለወጣል። ታዲያ የበሩን ካሜራ አተኩሮ ያየ ሁሉ ፈሪ ነው? ምናልባት ትናንት ሌባ ገብቶበት ይሆናል። ዋጋውን ደጋግሞ ያየውስ ቁጥብ ነው ወይስ ደመወዙ አልደረሰም?

ግምቱ ከሳተ ስማችንን ያጠፋል። ከሰመረ ደግሞ ይብሳል! ፈሪነቴን ያወቀ ነጋዴ ፍርሃቴን መልሶ ይሸጥልኛል እንጂ አያጽናናኝም። አማዞን በአሌክሳ የተቀዳ የሕፃናት ድምፅ ያለ አግባብ አቆይቷል ተብሎ በአሜሪካ ተከሶ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ድምፅ እንዲህ ከተያዘ፣ ዓይንን ማን አምኖ ይሰጣል?

ቤት ገመና ከታች ነው። የሚያየኝን ዕቃ እኔ ልየው እንጂ፣ እንዴት እንዳየሁት እሱ ምን አገባው?