«ቻለው» ሕክምና አይደለም

ደረቱ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ልጅ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ከውጭ የሚታየው ቁስል ትንሽ ነው፤ ህመሙ ግን ከባድ ነው። ዶክተር ዶናልድ ነስ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ቨርጂኒያ በጀመሩት ዘዴ፣ ቆልመም ያለ የብረት ዘንግ ከደረት አጥንት ሥር ገብቶ አጥንቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ዘንጉ እዚያው ዓመታት ይቆያል።

እንዲህ ያለውን ልጅ «ጎበዝ አይደለህ? ቻለው!» ማለት ይጎዳዋል። ደረቱን ያመመው ልጅ በጥልቀት አይተነፍስም፣ አይስልም። አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ሞርፊን ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም። ያስታውካል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ሱስም ሊያስይዝ ይችላል።

የሚሻለው ህመሙን ከመንገዱ ማገድ ነው። በጎድን አጥንቶች መካከል በሚያልፉት ነርቮች አጠገብ የሚወጋ ማደንዘዣ ለሰዓታት ያገለግላል። ነርቮቹን በከፍተኛ ቅዝቃዜ ማደንዘዝ ደግሞ ለሳምንታትና ለወራት ይዘልቃል። የነርቩ ሽፋን ስለማይፈርስ ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የታከሙ ልጆች ከሆስፒታል ቶሎ ይወጣሉ፤ ሞርፊን መሰል መድኃኒትም ያነሰ ይወስዳሉ።

እንከን ግን አለው። ቅዝቃዜው ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ ሰዓታት ስለሚፈጅ በመካከሉ ሌላ ማስታገሻ ያስፈልጋል። ደረቱም ለወራት ይደነዝዛል፤ አንዳንዱን ስሜቱ ሲመለስ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ወላጅ ፈረመ ተብሎ ልጁ መታለፍ የለበትም። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ይነገረው፤ ይጠየቅም።