ሥርዓት አስከብራለሁ ስለሚል ሰብሳቢ

በዕድርም ሆነ በዕቁብ፤ በተማሪዎች ማኅበርም ሆነ በኅብረት ሥራ፤ ስብሰባ እንዲመራ የተመረጠ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «ሥርዓት አስከብራለሁ» ይላል። ቃሉ መልካም ነው። እኔ የምጣላው ከቃሉ ጋራ ሳይሆን፤ ብዙዎች ሥርዓት ብለው ከሚጠሩት ከገዛ ቁጣቸው ጋራ ነው።

በአንድ የአዲስ አበባ ሠፈር ዕድር ስንሰበሰብ፤ ዳኛው መዝገቡን ገልጦ የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈሉ አንዲት ባልቴት በስማቸው ጠርቶ አስነሣ። እናቱ የሚሆኑትን ሴት «አንቺ ስትሞቺ ግን ድንኳን እንዲተከልልሽ ትፈልጊያለሽ» አላቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ገንዘቡ በሚቀጥለው ወር ገባ፤ ዳኛውም ደንቡ ሠራ ብሎ ደስ አለው። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲህ ብሩን በልጅ እጅ ይልካሉ እንጂ ወደ ስብሰባው አልመጡም። ዕድር የተቋቋመው ሰው በኀዘኑ ቀን ብቻውን እንዳይቀር አይደለምን? ታዲያ ሰውን ከሰው የሚለይ ዳኛ የሚጠብቀው የትኛውን ደንብ ነው?

እንዲህ ያለው ሰው ሲወቀስ የሚጠቅሰው ተረት አያጣም፤ «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ተረቱን እስቲ ቍጠረው። ምክር ሁለት ጊዜ ታዝዟል፤ መከራ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። እሱ ግን ሁለቱን ዘሎ ከሦስተኛው ይጀምራል። ምክርም ቢሆን በጆሮ ይነገራል እንጂ በጡሩምባ አይለፈፍም፤ ጡሩምባው የተገዛው ለሞት ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ብርቱ ሰው ደካማውን ሊመታ ሲያነሣ፤ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እጁን ይሰበስብ ነበር። ይህን ቃል የሚናገረው በትር የሌለው ሰው፤ ወይም በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ነበር። የዛሬ ሰብሳቢዎቻችን ግን ሕጉን ከደካማው አፍ ነጥቀው ለራሳቸው በትር አደረጉት።

ከባሕር ማዶም የምንማረው አለ። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ አሜሪካዊ የጦር መሐንዲስ፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. በኒው ቤድፎርድ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የተደረገ ስብሰባ እንዲመራ ተጠየቀ። አመራሩን ስላላወቀበት ስብሰባው ተተራመሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አጥንቶ በ1876 ዓ.ም. የስብሰባ ደንብ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ደንብ ተናጋሪ ስለ ነገሩ ይናገራል እንጂ የባላጋራውን ሐሳብ ክፉ ነው ብሎ አይወነጅልም፤ አንድ ጊዜ የተናገረም ሰው ገና ያልተናገሩት ሳሉ ዳግመኛ ዕድል አያገኝም፤ ሰብሳቢው ራሱ በክርክሩ መግባት ቢፈልግ ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። ወታደር የጻፈው ደንብ ከሁሉ አስቀድሞ አዛዡን ማሰሩ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ነገር ግን «እኔ ለስላሳ ነኝ» የሚለውንም ሰብሳቢ አላመሰግንም። ይሉኝታ ይዞት ጩኸታሙን ሳያስቆም ሲቀር፤ በጥግ ተቀምጣ እጇን ያነሣችው ልጅ ሳትናገር ጉባኤው ይበተናል። ይህ ርኅራኄ አይደለም፤ ጭካኔውን ወደ ዝምተኞቹ ማዞር ነው።

«መዋጮው ካልገባ ድንኳኑና ወንበሩ በምን ይገዛል?» የሚለኝ ይኖራል። መቀጫው ይጻፍ፤ አንዲት ሳንቲም አትቅር። ዳሩ ግን ጸሐፊው ከስብሰባው ቀን በፊት ወደ ባለ ዕዳው ቤት ይሂድና ምን እንደ ቸገረው ይጠይቀው፤ ከፋፍሎ የሚከፍልበትንም መንገድ ለኮሚቴው ያቅርብ። በጉባኤው ፊት ስንት ሰው እንዳልከፈለ ይነገር እንጂ ስም አይጠራ። ችሎ ሳለ እምቢ የሚል ቢገኝ፤ ሁለት ጊዜ ተመክሮ በደንቡ መሠረት ይሰረዝ፤ ስሙ ከመዝገብ በሚፋቅበትም ቀን ማንም አይሣቅበት።