«ሞላው ደክሟል» ለሚሉን

በከተማችን በሐዋሳ አንድ ፍርድ ያለ ይግባኝ ይሰጣል። አሮጌ መኪና ወደ አንድ ጎን ዘንበል ካለ፣ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሻገር ሆዱ ከነካ፣ «ሞላው ደክሟል፤ ይቀየር» ይባላል። ሜትር የሚያወጣ የለም። እኔ ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። ሞላ ዘላለማዊ ነው ብዬ አይደለም፤ ሳይለካ የሚፈረድበት መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

የክርክሩ መነሻ መኪናዬ ናት። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ትባላለች፤ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 የሠሯት ባለ ሁለት በር። ከፊትም ከኋላም የምትቆመው በጥምዝ ሞላ እንጂ በባሌስትራ አይደለም። ዝቅ ብላ፣ ኩርባ ላይ መሬት ጨብጣ እንድትሄድ የታሰበች ናት። ታዲያ መካሪዎቼ መድኃኒት አግኝተውላታል፦ «ጋሼ፣ የላዳ ሞላ እንግጠምባት፤ ከፍ ትላለች።»

ምክሩ ከሜዳ አልተነሣም። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት የጀመሩት ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ነው። ለራሳቸው መንገድ እንዲስማማ ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ ተሸካሚ ክፍሎቹን አጠናከሩ፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተኩት። ልብ በሉ፤ እነርሱ መኪናውን በሙሉ አስበው ለወጡት። እኛ ሞላውን ብቻ ነጥለን ልንወስድ ነው። መኪና ከፍ ሲል የክብደቱ ማዕከል አብሮ ይወጣል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት የሚረግጡበት ማዕዘን ይዛባል፤ አሞርዛተሩም ለመዘርጋት የሚቀረው ቦታ ያጥራል። ኮብልስቶኑ ላይ ሆዷ ይድን ይሆናል። በሻሸመኔ መንገድ ላይ ከብት ድንገት ገብቶ መሪ ስጠመዝዝስ? ያን ጊዜ ከእኔ ጋር የሚቀመጡት ልጆቼ እንጂ መካሪዎቼ አይደሉም።

ደግሞስ «ደከመ» ማለት ምን ማለት ነው? የሞላ ግትርነት የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥምዙ ስፋትና በጥምዞቹ ብዛት ነው። ዓመታት ቁመቱን ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ዝገት ካልበላው በቀር ግትርነቱን ግን እምብዛም አይነኩትም። ጉብታ ካለፈች በኋላ ሦስት አራት ጊዜ የምትዘል መኪና የምትከሰው አሞርዛተሯን ነው። በሌላ በኩል ሽቦው በ10 በመቶ ብቻ ቢወፍር ሞላው በ46 በመቶ ገደማ ይገትራል። ይህ ልዩነት በዓይን አይያዝም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ «ይህ ይመስለዋል» ብሎ ሞላ መግዛት እንግዲህ ከዕጣ አይሻልም። በጥምዞቹ መካከል ላስቲክ ስለሚወትፉትማ ምን ልበል! የታሰረው ጥምዝ ሥራውን ለቀሩት ይጥላል፤ እነርሱም አንድ ቀን ይሰበራሉ።

ከተሰነጠቀ፣ ዝገት ሽቦውን ከቦረቦረው፣ ወይም አጥሮ ጥምዞቹ እርስ በርስ ከተፋጩ ይቀየር፤ ያውም ግራና ቀኙ በአንድነት። በዚህ አልከራከርም።

መኪናዬን ከሐይቁ ዳር ደልዳላ አስፋልት ላይ አቁሜ፣ የጎማዎቹን ንፋስ አስተካክዬ፣ ከጎማው እምብርት እስከ መከላከያው ጠርዝ ለካሁ። የፊቶቹ እኩል ሆኑ። የኋላው ግራ ከቀኙ በሁለት ሳንቲሜትር ያንሳል። መካሪዎቼ ፈገግ አሉ። ሁለቱን የኋላ ሞላዎች አስወልቄ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አስገጠምሁ። ጥፋቱ የሞላው ቢሆን ዝቅታው አብሮት ወደ ቀኝ በተሻገረ ነበር። አልተሻገረም፤ እዚያው ግራ ቀረ። በልቶ ያለቀው ሞላው የሚቀመጥበት ላስቲክ ነበር።

ይህ ሁሉ ንትርክ ለሁለት ሳንቲሜትር ነውን የሚል ይኖራል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ቀረጥ ከመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እኔ በሁለቱም ላይ እዚህ አልሟገትም። ነገር ግን ደጃፋችን ላይ የቆሙት አሮጌዎች ተተኪ ያጡ ሆነዋል። የፋብሪካ ሞላዋን አውልቀን ለቆራሌው በኪሎ ከሸጥነው ወዲያ ከየት ይመጣል? የጊዜ ጉዳይ ሆኖ እንጂ፣ ሜትሩ እኮ በየጋራዡ መሳቢያ ውስጥ አለ።

የፊቶቹን ክረምቱ ሲወጣ ደግሜ እለካቸዋለሁ። ያ የላዳ ሞላ እስከ አሁን ግቢዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያመጣው ሰው መጥቶ ይውሰደው፤ ላዳ ያለው አይታጣም።